የአባቴ ተቀባይ

የሳሙና ሳጥን ናት። ክዳኗ ሰማያዊ፣ ሆዷ ነጭ፣ አንዱ ጥግ ተሰንጥቆ በሙጫ የተያያዘ። እንዳትከፈት ከብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ሁለት ዙር ታስራለች። አፍንጫዬን ሳስጠጋት ድሮ ያደረባት የሳሙና ሽታ ዛሬም አልለቀቃትም። ከሱ ሥር የብየዳ ጭስ ይሸታል፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ የአባቴ ኮት ኪስ፣ ያ የገለባና የላብ ሽታ አለ። ከአርባቸው በኋላ ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ «ይችን ለልጄ ስጡልኝ ብለዋል» ብላ ከሰጠችኝ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ የስልክ መጠገኛ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ወር ሆናት። በቀን ስንት ስልክ እየፈታሁ እየገጠምኩ እውላለሁ፤ ይህችን አንዲት ላስቲክ መፍታት ግን አቃተኝ።

ውስጧ ያለው ባትሪ እንደሞተ አውቃለሁ። የሞተ ባትሪ ያብጣል፤ ካበጠ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያበላሻል። የደንበኛ ዕቃ ቢሆን «እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብዬ እቆጣ ነበር። ቁጣዬ ለሰው ነው፤ ለራሴ ሲሆን ሰበብ አላጣም።

ውስጧ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። እኔው በእጄ የሠራሁት፣ በባትሪ የሚሠራ የጂፒኤስ መሣሪያ ነው። ከሳተላይት የሰማውን ያለ ገመድ ወደ ስልክ ይልካል፤ የት ቦታ እንደቆማችሁ በቁጥር ይነግራችኋል። ዛሬ ይህ በየስልኩ ውስጥ ስላለ «ምን ይደረግለታል?» ትሉ ይሆናል። ለአባቴ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሌላ ነገር የሆነውም በአንዲት ቃል ምክንያት ነው።

ቤታችን ከሉማሜ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። እናታችን በልጅነቴ ስላረፈች ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባቴ ዘፈን አውጪ ነበሩ። ለማያውቅ ሰው፣ በደቦ አጨዳ ጊዜ አንዱ ግጥሙን ያወጣል፤ የቀረው ማጭዱን እየሳበ በአንድ ድምፅ ይመልስለታል። የሚያወጣው አውጪ፣ የሚመልሰው ተቀባይ ይባላል። አባቴ ሲያወጡ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ወገቡን ቀና ያደርግ ነበር። እሳቸው ግን በድምፃቸው አይኮሩም። «አውጪማ ምን አለው» ይሉ ነበር፤ «ተቀባይ ያጣ አውጪ ብቻውን የሚለፈልፍ እብድ ነው።»

የሳቸው ተቀባይ ወንድሜ ነበር። እርግጥ ደቦው ሁሉ ይቀበላል፤ ግን ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ፣ አባቴ ትንፋሽ በሚያጥራቸው ቦታ ላይ ጠብቆ «አለን! አለን!» ብሎ ያነሳው ነበር። ይህች «አለን» የቤታችን መቀበያ ናት፤ ሌላ ደቦ ላይ ሰምቻት አላውቅም። እኔማ ድምፅ የለኝም። የተሰነጠቀ እንስራ ነኝ። አንድ ጊዜ ልቀበል ብዬ አፌን ብከፍት ወንድሜ ማጭዱን ጥሎ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀብኝ። ያን ቀን እስኪመሽ አኮረፍኩት። ዛሬ ያን ሳቅ ለመስማት ምን ባልሰጥ!

ወንድሜ ሃያ ዓመት በሞላው ሰኔ ሉማሜ ወረደና አውቶቡስ ተሳፈረ። መተማ ሲደርስ ደወለ። ከሱዳን ሁለት ጊዜ ደወለ። በመጨረሻው ጊዜ ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። «በረሃውን ስሻገር እደውላለሁ፤ ብቻ ቁጥሩን እንዳትቀይሩ» አለ። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው «አለን! እዚሁ አለን!» ብለው ጮኹ። መስማቱን አላውቅም፤ መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ስልኳን ከደረት ኪሳቸው አላወጡም። ሲያርሱ በደረታቸው፣ ሲጸልዩ በደረታቸው ናት። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ማታ ማታ ወጥተው ይቀመጡ ነበር። ወራት አለፉ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጉድ የሚመጣው። ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የስልኳ ቁልፎች እየደነዘዙ ሲሄዱ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሻል ያለ ስልክ ላከችልን። አዲሱ ስልክ የሚቀበለው ግን ትንሿን ሲም ነው። ሉማሜ ላይ ልጆች ትልቁን ሲም በመቀስ ከርክመው ሲያሳንሱት አይቻለሁ። እነሱ ከቻሉ እኔ ምን ያቅተኛል? ቤት ውስጥ ራዲዮ የምፈታው እኔ፣ የእጅ ባትሪ የምጠግነው እኔ! አባቴ ገበያ በወረዱበት ቀን መቀስ አነሳሁ።

ሲም መካከሉ ላይ ወርቃማ ገጽ አለው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዙሪያው ፕላስቲክ ነው፤ ቢቆረጥ አይጎዳም። ጎጃም ውስጥ የተወለደ ሰው ሰምና ወርቁን ለይቶ ያድጋል ይባላል። እኔ ሰሙን እቆርጣለሁ ብዬ ወርቁን ቆረጥኩት። አንዲት ጭረት ያህል ብቻ ነበር፤ ግን በቃው።

አዲሱ ስልክ ውስጥ ከተትኩት፣ «ሲም የለም» አለ። አወጣሁ፣ አሸት አሸት አድርጌ መለስኩት። «ሲም የለም።» ከጓሮ ጌሾው ሥር ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት። ለምን ቀበርሽው? የሞተ ነገር ስለሚቀበር ይሆናል።

አባቴ ሲመለሱ «አሮጌው ስልክ ሲሙን አቃጥሎታል፤ ጣልኩት» አልኳቸው።

«ስልክ እንዲህ ያደርጋል?» አሉ።

«ያደርጋል አባባ።»

ጥቂት አዩኝና «ይሁን» አሉ። በማግስቱ ቁጥሩን መልሶ ለማስወጣት ከተማ ወረዱ። ሲሙ በስማቸው አልወጣም ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት ከገበያ የሸጠላቸው ሰው በሌላ ሰው ስም ያወጣው ኖሯል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ሲመጡ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሳያወልቁ ብዙ ቆዩ። እኔ ከውስጥ ሆኜ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። አልወጣችም። አባቴ በድምፃቸው አገር ያነቃንቃሉ፤ እኔ ለገዛ አባቴ ሦስት ቃል ማውጣት አቃተኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት አጨዳ ላይ አባቴ አላወጡም። «ጉሮሮዬን ያዘኝ» አሉ። በሚቀጥለውም ዓመት ያዛቸው። ከዚያ በኋላ «ያውጡልን» ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ኤሌክትሮኒክስ ልማር ደብረ ማርቆስ መጣሁ። ከክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ክፉ አልነበሩም፤ ግን ሻይ ሲጠጡ ወንበር የሚስቡልኝ፣ ወሬ ሲያወሩ ድምፃቸውን የሚቀንሱብኝ ነበሩ። የመመረቂያ ሥራ በጥንድ በጥንድ ሲመደብ ቁጥራችን ጎደሎ ነበርና ጎደሎዋ እኔ ሆንኩ። አስተማሪያችን «አንቺ ብቻሽን ትችያለሽ» አለኝ። ማመስገኑ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት «ብቻሽን» የሚለውን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ዕቃዎች ሲከፋፈሉ ለኔ የጂፒኤስ ቺፕ ደረሰኝ፤ ከክብሪት ቀፎ ያነሰች፣ ጀርባዋ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ሸክላ የተለጠፈባት። እውነቱን ልናገር፤ ስሙን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ቦታ የሚፈልግ መሣሪያ የጠፋ ሰው የሚፈልግ መስሎኝ ነበር። ይህን ስነግረው አስተማሪያችን ሳቀ፤ ያም ቢሆን በደግነት ነው ያስረዳኝ። ሳተላይቶቹ ከላይ ሆነው ሰዓታቸውን እየተናገሩ ይዞራሉ። ይህ ዕቃ የሦስት የአራቱን ድምፅ ሰምቶ ከየትኛው ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፤ በዚያ ራሱ ያለበትን ያውቃል። «መስማት እንጂ መናገር አያውቅም» አለኝ። «አንቺ ያለሽበትን ላንቺ ይነግርሻል። ሳተላይቱ ግን አንቺ መኖርሽንም አያውቅ።»

ይህችን ንግግሩን ይዤ ወደ ኪራይ ክፍሌ ስሄድ ትዝ ይለኛል። መንገዱ በባጃጅና በተማሪ ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ከሰው ጋር ነው። እየሰማ የማይናገር፣ መኖሩ የማይታወቅ፤ ይኸ ዕቃ ቁርጥ እኔን ነው አልኩ።

ሁለት ወር ሠራሁት። ባትሪውን ከተጣለ ላፕቶፕ ውስጥ ፈልቅቄ አወጣሁ። ወደ ስልክ የሚልከውን የብሉቱዝ ክፍል ሦስት ጊዜ አቃጥዬ በአራተኛው በየድኩት። ሊድ የምንለው የብየዳ ሽቦ ሲቀልጥ የሚያወጣው ጭስ ጣፈጥ ያለ፣ ጉሮሮ የሚያሳክክ ነው፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣ ያች ጠባብ ክፍል ከነጭቃ ግድግዳዋ ትመጣብኛለች። ማቀፊያ ስላልነበረኝ የሳሙና ሳጥኔን አጥቤ አደረቅሁ። ሳሙናው ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ይቀመጥ ጀመር።

የቤት አከራዬ በበሩ እያለፉ አይተው አማተቡ። «ሰማይ ይሰማል ነው ያልሽኝ? ኧረ ልጄ መብረቅ እንዳትጠሪብን!» አሉ። አይጠራም ብዬ ብምል አልሰሙኝም። ያን ጠዋት ከነሳጥኔ ከግቢ አስወጡኝ። ለካ በጎ ነው የዋሉልኝ። መሣሪያው ለሳምንት ቦታውን አላገኝም ብሎ እምቢ ያለኝ በቆርቆሮው ጣሪያ ምክንያት ነበር። ደመና አይከለክለውም፤ ቆርቆሮና ወፍራም ዛፍ ግን ይጋርደዋል። ከከተማው ጫፍ ካለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሲነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ መነካት አይወድም። ጭጋጉ እግሬን አቀዘቀዘው፤ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ድንገት በክዳኑ ቀዳዳ ቀይ መብራት ብልጭ አለ። በየሰከንዱ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ዞር ብዬ «አገኘ!» ልል ስል ማንም አልነበረም። አንዲት ላም ነበረች፤ ለሷ ነገርኳት።

አስተማሪያችን ሥራዬን ለእንግዶች ሲያሳይ በአማርኛ ጻፊበት አለኝና «ገመድ አልባ የጂፒኤስ ተቀባይ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን የሰጠኝ እሱ ነው። ውጤቴን ካገኘሁ በኋላ ዕቃውን «ያንቺ ይሁን» አለኝ። በኅዳር ይዤው አገር ገባሁ።

አባቴ አውድማ ላይ ነበሩ። ጤፉ ተወቅቶ ንፋስ እየጠበቁ ነው። ገለባው በጠዋቷ ፀሐይ ላይ ይበናል። ግንባሬን ሳሙኝና «እስቲ የተማርሽውን አሳይኝ» አሉ። ሳጥኗን ከምርቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። አባቴ ተንበርክከው አዩዋት።

«ሳሙና ነው የተማርሽው?»

«አይደለም አባባ፤ መሣሪያ ነው።»

«ምን ይሉታል?»

«ተቀባይ ይባላል።»

ያኔ ፊታቸው እንዴት እንደሆነ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ቃሉን ከሰው አፍ ከሰሙት ስንት ዓመታቸው ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ማን ሲያወጣ ነው የሚቀበል?» አሉ።

«ከሰማይ ያሉት ያወጣሉ፤ ይህ ይቀበላል።» ምን ልበል? እውነቱ ይኸው ነው። እንዲያውም ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጌ አስረዳሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

«እንግዲያ ይመልሳል» አሉ። «ካልመለሰማ ምኑን ተቀባይ ሆነ?»

ይህን ሲሉ መብራቱ ብልጭ ማለት ጀመረ። አባቴ እጃቸውን አንስተው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። ከንፈራቸው ከመብራቱ ጋር ይንቀሳቀሳል። «አየሽ? አለን፣ አለን፣ አለን እያለ ነው» አሉ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ወንድምሽ ያለበት አገር ድረስ ይሰማል?»

አስተማሪያችን ያለው ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። መስማት እንጂ መናገር አያውቅም። ቃሉን ማረም ነበረብኝ። ይህ ተቀባይ የሚቀበለው እንደ ወንድሜ አይደለም፣ ከሰማ በኋላ ዝም ነው የሚል፣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት «ሰማዩማ አንድ ነው አባባ» ነው። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። እውነትን ስቀብር ሁለተኛዬ ነበር፤ ያለ መቀስ።

አባቴ ቀና ብለው ቆሙ። መንሹን እንደ ምርኩዝ ያዙና ከአራት ዓመት በኋላ አወጡ፤

«ከማዶ ላለኸው ከወንዙ ባሻገር፣
አለን ከነቤቱ አልለወጥን አገር።»

ድምፃቸው ዝጎ ነበር። መጀመሪያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ከወንዝ ማዶ ሲወቁ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። ግጥሙ ሲያልቅ ያ የወንድሜ ቦታ፣ ያ የትንፋሽ ቦታ መጣ። መቀበል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዓይኔን ገለባው ላይ ተከልኩ። ሳጥኗ ብቻ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። አባቴ ጠበቁላት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጠሉ።

ሳጥኗን ይዤ መመለስ አልቻልኩም። ባትሪዋ እንዲሞላ ከሶላር መብራታቸው ገመድ ጋር እንዴት እንደሚያያይዟት አሳየኋቸውና ትቼላቸው ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየማለዳው፣ በሬ ከመጥመዳቸው በፊት፣ አውድማው ላይ አስቀምጠዋት አንድ ሁለት ግጥም ያወጡላት ነበር። አገሩም ሳይስቅ አልቀረም። «ሽማግሌው ለሳሙና ይዘፍናል» ይሉ ነበር። አባቴ ይህን ሰምተው «ልብስ የሚያጥቡበት አይደለም፤ እኔ ነኝ የምታጠብበት» አሉ፤ ሳቁም ቆመ። በደቦም እንደ ገና ያወጡ ጀመር። ጎረቤቶቻችን «አለን» ብለው መቀበል ተማሩ። ስልክ ግን አልተደወለም። አዲሱን ቁጥራችንን ወንድሜ ከየት ያመጣዋል?

እኔ በየበዓሉ እመጣለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ሱቄን ከፈትኩ፤ ስንቱን ሰው ሲም እያስተካከልኩ እንጀራዬን በላሁ። ሲሜን በመቀስ ከርክሚልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ «እኔ አልቆርጥም» ብዬ ወደ ሌላ ሱቅ እልካለሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል።

አንድ ፋሲካ ሄጄ ሳጥኗ በላስቲክ ታስራ አየኋት። እኔ የገጠምኳት በአራት ብሎን ነበር። «ብሎኖቹ የት ሄዱ?» አልኳቸው። «ዝናብ እንዳይገባባት ነው ያሰርኳት» አሉ። መልሱና ጥያቄው እንዳልተገናኙ ልብ አላልኩም። ያን ቀን ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ልናዘዝ ወስኜ ነው የመጣሁት። ከምሳ በኋላ ከበሩ ድንጋይ ላይ፣ ያኔ ጫማቸውን ሳያወልቁ የተቀመጡበት ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያ ሲም...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ እንባ እንጂ ቃል አልመጣም።

አባቴ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። «ተይው ልጄ» አሉ። «እሱም እኮ ሥራ አላጣም።»

ስለ ወንድሜ የሚያወሩ መሰለኝ። ሥራ አግኝቶ ይሆናል፣ አታልቅሺ፣ እያሉ የሚያባብሉኝ መሰለኝ። እንባዬን ጠርጌ ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሲሙ አንስቼ አላውቅም።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይታመሙ አረፉ። ስደርስ ተገንዘዋል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ያለ መብራት ሥራ የለም። ከውጭ የግንቦት ደመና ከብዷል፤ ዝናቡ ግን አልጀመረም። መንገዱ ላይ ባጃጅ የለም። ሱቁ ጸጥ ሲል ሳጥኗ ከመደርደሪያው የምታየኝ መሰለኝ። ተነሳሁና አወረድኳት። ላስቲኩን ፈታሁት።

ባትሪው እንደገመትኩት አብጧል። ብየዳዬ የተማሪ ብየዳ ነው፤ ጉብጉብ ያለ፣ ዛሬ ባየው የማፍርበት። ከቺፑ ጎን ባዶ የተውኳት ትንሽ ቦታ ነበረች። ባዶ አይደለችም። ሲም ተቀምጦባታል።

አወቅሁት። አንዱ ጎኑ ጠማማ ነው፤ መቀሱ የሳተበት። በወርቁ ስንጥቆች ውስጥ ጥቁር አፈር ገብቶ ደርቋል፤ የጌሾው ሥር አፈር ነው። አባቴ ጌሾውን ሲኮተኩቱ አግኝተውታል። መቼ እንደሆነ አላውቅም። የመቀሱንም ጠማማ መስመር አይተዋል፤ እሳት እንዳልነካውም አይተዋል። በቤታችን መቀስ ይዞ ዕቃ የሚነካካ ከኔ ሌላ ማን አለ? አውቀው ነው ዝም ያሉኝ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትተው፣ ከጧፍ ላይ በቆነጠሩት ሰም፣ ወርቁን ወደ ሰማይ አዙረው ከተቀባዩ ጎን አጣብቀውታል። ወንድሜ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ነዋ! «ቁጥሩን እንዳትቀይሩ» ብሏል። አባቴ አልቀየሩም።

እሱም ሥራ አላጣም ያሉኝ ስለ ሲሙ ነበር። በጎጃም አማርኛ፣ በሰምና በወርቅ፣ ምሬሻለሁ ብለውኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ። ሱቁን እንኳ አልዘጋሁም፤ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ቀስ ብሎ ሄደ።

ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሲሙን ነቅዬ መጣል ነበረብኝ። ባለሙያ ነኝ፤ እንኳን እንዲህ ተቆርጦ ደኅናውም እዚያ ቦታ ላይ ምንም እንደማይሠራ አውቃለሁ። አልነቀልኩትም። መብራት ሲመለስ ያበጠውን ባትሪ በጥንቃቄ አውጥቼ አዲስ በየድኩ። የላላውን ሰም በጣቴ ሙቀት አለስልሼ መልሼ ተጫንኩት። ክዳኑን በላስቲኩ፣ እሳቸው እንዳሰሩት፣ ሁለት ዙር አሰርኩ።

ከሱቄ ደጃፍ ከቆርቆሮው ጥላ ወጥቼ ሳጥኗን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ የሰነበተ ነገር ቦታውን ለማግኘት ይቆያል። አልቸኮልኩም። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች አቧራው ላይ ሲያርፉ ቀዩ መብራት ብልጭ አለ።

የአባቴን ግጥም በዚያ የተሰነጠቀ ድምፄ ቀስ ብዬ አወጣሁት። የመቀበያው ቦታ ሲደርስ «አለሁ» ማለት ነበረብኝ፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝና። አፌ እምቢ አለኝ።

«አለን» አልኩ።